«ታመምኩ» ወይስ «አልታመምኩም»?

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ማታ፣ ካማሺ በሚገኘው ቤታችን አምስት ሆነን አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ከብበን ተቀምጠን ነበር። ከወዲያ ያለችው ቤይሩት ሠርታ የምታድረው ትልቋ ልጄ ናት። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ በስልክ ላይ የምትታይ ትንሽ ፊት አትለይላትም። ስለዚህ በኢንተርኔት የምንገናኘው ሁልጊዜ በላፕቶፗ ነው።

እናቴ ጠጋ ብላ «ጉንፋን ገብቷል ይላሉ፤ አንቺም ታመሽ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ መመለስ ስትጀምር ድምፁ እንደ ልማዱ ተቆራረጠ። እኛ ጆሮ የደረሰው «እማማ... ታመምኩ...» የሚል ብቻ ነበር። ወዲያው ጥሪው ተቋረጠ፤ ደጋግመን ብንሞክርም አልመለስ አለ። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ አደረች። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሲነጋ በመደበኛው የስልክ መስመር ደወልኩ። ልጄ ደንግጣ ከሰማችኝ በኋላ ሳቀች። «አባዬ፣ እኔ እኮ ያልኩት ‹ኧረ እማማ፣ አልታመምኩም› ነው!» አለችኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሆኖም ቋንቋችን «አዎ»ንና «አይደለም»ን የሚለይባት ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነች እንደዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። ከፊት «አል»፣ ከኋላ «ም» ከተዋጡ ጤነኛዋ ልጅ በሽተኛ ሆና ትቀራለች። «አልሄድኩም» «ሄድኩ»፣ «አልተጣላንም» ደግሞ «ተጣላን» ይሆናል። የድምፅ መቆራረጥ እንግዲህ የመሰልቸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት ችግሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣሁ። የረዳኝ በከተማችን ሞባይል የሚጠግን የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ልጆቻችሁ ርቀው ላሉ ወላጆችና አያቶች ይጠቅም እንደሆነ የተማርኩትን እነሆ።

ድምፅ የሚጓዘው እንደ ውሃ ቀጂዎች ነው

ኢንተርኔት ድምፃችንን እንደ ወራጅ ውሃ በአንድ ጊዜ አያሳልፍም። አብዛኞቹ የጥሪ ፕሮግራሞች ድምፁን በሰከንድ ወደ 50 ቁርጥራጭ ይከፍሉታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይላካል። ይህን ሲያስረዳኝ ትዝ ያሉኝ በትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት በግራና በቀኝ ቅል አንጠልጥለው ውሃ የሚያመላልሱት የጉሙዝ ሴቶች ናቸው። ቀጂዎቹ በእኩል ርቀት ተከታትለው ከመጡ ቤት ያለው እንስራ አይጎድልም፤ ከእንስራው የሚቀዳውም ሳያቋርጥ ይቀዳል። ግማሾቹ መንገድ ላይ ከዘገዩ ግን እንስራው ይደርቃል፤ ኋላ ተግተልትለው ቢደርሱም የተጠማው ሰው ጊዜው አልፎበታል።

በኮምፒውተር ውስጥም የደረሱ ቁርጥራጮች ለአፍታ የሚጠራቀሙበት ቦታ አለ። የዘገየ ቁራጭ ተራው ካለፈ ይጣላል። «አል» ብሎ ለመናገር የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ይበቃል እንበል፤ ይህ ማለት አሥር ቁርጥራጭ ሲጠፋ «አል» ሙሉ በሙሉ ተዋጠ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ለድምፅ ዋናው የመስመሩ ስፋት አለመሆኑን ነው። ኦፐስ የሚባለውና በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት የድምፅ ማሸጊያ ዘዴ በሰከንድ ከ6 ኪሎ ቢት ጀምሮ መሥራት ይችላል። ስለዚህ ቀጭን መስመርም ቢሆን ሳይዋዥቅ እኩል ከፈሰሰ ድምፅን ይሸከማል።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንደሆነ ይለይ

ተማሪዬ ላፕቶፗን ሳይነካ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የሚቆራረጠው የእሷ ድምፅ ለእናንተ ነው ወይስ የእናንተ ለእሷ?» አስቤው አላውቅም ነበር። ልጄን ብጠይቃት ለሁለታችንም እንደሚቆራረጥ ነገረችኝ። «እንግዲያው ኮምፒውተሩን እንጠርጥር» አለ።

ከዚያ ኢንተርኔቱን አጠፋና በላፕቶፗ የድምፅ መቅጃ ለአንድ ደቂቃ እንድናገር አደረገኝ። መልሰን ስንሰማው የገዛ ድምፄ ተቆራርጧል! መስመር በሌለበት የተቆራረጠ ድምፅ በመስመር አይሳበብም። ለወራት ኔትወርኩን ስራገም የኖርኩት በከፊል ያለ ጥፋቱ ነበር። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ሞክሩ።

አሮጌ ኮምፒውተር ሲደክመው

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን በዊንዶውስ ላይ የሥራ መቆጣጠሪያው መስኮት ተከፈተ። ሲፒዩ በሚለው ሥር ያለው ቁጥር 100 በመቶ ይላል። ድምፅን መቁረጥ፣ ማሸግና መፍታት ለአንጎሉ ሥራ ነው፤ አንጎሉ በሌላ ሥራ ከተጠመደ ቁርጥራጮቹ በሰዓታቸው ቢደርሱም የሚፈታቸው አይኖርም።

የእኛን ላፕቶፕ የጠመዷት ሦስት ነገሮች ነበሩ። ትንሹ ልጄ ከፍቶ የተዋቸው ከሃያ የሚበልጡ የኢንተርኔት ገጾች፣ ገና ስትከፈት ፍተሻ የሚጀምረው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም፣ እንዲሁም አቧራ። የማቀዝቀዣዋ ማራገቢያ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራው ተጠረገ፤ ገጾቹ ተዘጉ፤ ፍተሻው የማንደውልበት ሰዓት ላይ እንዲሆን ተደረገ። ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። መልሰን የቀዳነው ድምፅም ጥርት አለ።

ሌላም ነገር አሳየኝ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፗ ባትሪ ለመቆጠብ ስትል ራሷን ታዘገያለች። ስለዚህ በባትሪ የምትደውሉ ከሆነ የኃይል ቁጠባውን ለጥሪው ጊዜ አንሡት።

ቤቱና መስመሩ

ኮምፒውተሩ ከተስተካከለ በኋላም ትንሽ መቆራረጥ ቀርቶ ነበር። ኢንተርኔት የምናገኘው ከስልኬ በዋይ ፋይ እያካፈልን ነው። ስልኩ የሚቀመጠው ከጓዳ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፤ ቆርቆሮ ደግሞ የሬዲዮ ሞገድን ይመልሳል። ስልኩን ወደ መስኮቱ አመጣነውና በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘነው። በአየር የሚያልፈው አንዱ መንገድ ስለቀረ ልዩነቱ ወዲያው ታወቀ። በጥሪው ሰዓት የቤቱ ስልኮች ሁሉ ቪዲዮ እንዳያወርዱም ተስማማን።

ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫም ይረዳል። በድምፅ ማጉያ ስናወራ የልጄ ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ያንን የገደል ማሚቶ ለማጥፋት ሲታገል የእኛንም ንግግር አብሮ ይውጠዋል። አምስት ሰው በአንድ ማዳመጫ መስማት ስለማይችል እኛ ተራ ገባን። በአንድ አፍ መነጋገር ለካ ለመስመሩም ይበጃል።

ሁሉም ካልሆነ ቪዲዮውን ዝጉ። ምስል ከድምፅ እጅግ የበለጠ መንገድ ይወስዳል። ለእናቴ ይህ ቀላል አልነበረም። አሁን መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ የልጅ ልጇን ፊት ታያለች፤ ከዚያ ምስሉ ይዘጋና ወሬው ይቀጥላል።

የማይቆራረጠው መልእክት

የድምፅ መልእክት ቀድቶ መላክም አለ። በቀጥታ ጥሪ የዘገየ ቁራጭ ይጣላል፤ የተቀዳ መልእክት ግን የጠፋው ቁራጭ እንደገና እየተጠየቀ፣ ቢዘገይም ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። የሐኪም ትእዛዝ፣ የገንዘብ ጉዳይ፣ የመምጫ ቀን በዚህ መንገድ ይሁን። እናቴ ደግሞ ደጋግማ ትሰማዋለች፤ ይህን በቀጥታ ጥሪ ማድረግ አትችልም።

በቤታችን የጸናው ሕግ ግን ከኮምፒውተር የመጣ አይደለም። ስለ ጤናና ስለ ሰላም በ«አል» እና በ«ም» ላለመነጋገር ተስማምተናል። «አልታመምኩም» ቀርቶ «ደህና ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ» ይባላል። ግማሹ ቢዋጥ እንኳ የቀረው ግማሽ ደግ ወሬ ነው። ክፉ ወሬ ከመጣም የሰማው ሰው የሰማውን መልሶ ሳይናገር ጥሪው አይዘጋም።

ባለፈው እሑድ ጥሪው እንደገና አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ። እናቴ አልደነገጠችም። መቁጠሪያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ላፕቶፗ ጎንበስ አለችና፣ «ልጄ፣ ግማሹን ነው የሰማሁት፤ ድገሚልኝ» አለች።

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ጤነኛ ነኝ።»

ሁሉም ቃል ሳይጎድል ደረሰ።