የወይን ቦታና አረሙ

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 24 የሰነፍ ሰው የወይን ቦታ በአረም ተውጦ ማየቱንና ከዚያም ትምህርት ማግኘቱን ጽፎአል። በጓሮው ጥቂት የወይን ሐረግ ተክሎ ፍሬውን ለልጆቹ ለመመገብ፣ ዘቢቡንም እንደ ጧፉና እንደ ዕጣኑ ለቤተ ክርስቲያን ለማቅረብ የሚመኝ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ትምህርት ቢያስታውስ ይጠቀማል።

አረም ወይንን ይበልጥ የሚጎዳው በልጅነቱ ነው። ከተተከለ እስከ 3 ዓመት ድረስ ሥሩ በሚገባ ስላልጠለቀ፣ በአጠገቡ የበቀለው ሣር ውሃውንና ምግቡን ይሻማዋል። ስለዚህ በግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ስፍራ ዘወትር ንጹሕ ሊሆን ይገባል።

ለዚህም የታመነው ዘዴ አረሙ ዘሩን ሳይበትን መኮትኮት ነው። ነገር ግን መኮትኮቻው ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይጠልቅና ግንዱን እንዳያቆስል መጠንቀቅ ያሻል። ሰርዶ ግን በዚህ ብቻ አይሸነፍም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአንጓው እንደገና ያቆጠቁጣልና። ስለዚህ ወይኑ ከመተከሉ አስቀድሞ መሬቱን በበጋ ቆፍሮ፣ ሥሩን ለቅሞ በፀሐይ ማድረቅ ይበጃል።

ከተኮተኮተ በኋላ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጎዘጎዝበት ቡቃያው አረም በጨለማ ይታፈናል፤ የአፈሩም እርጥበት ይጠበቃል። ጉዝጓዙ ግን ከግንዱ ጥቂት ይራቅ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ በመደዳዎቹ መካከል ያለውን ሣር ከመንቀል ይልቅ ማጨድ ይሻላል፤ ባዶ አፈር በዝናብ ይታጠባልና። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በጎች ቢግጡትም መልካም ነው። ሆኖም ወይኑ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተረጭቶ ከሆነ በጎቹን ይመርዛቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከሌላ ማሳ የሚመጣው ነው። በጤፍና በስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ጸረ አረም እህሉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል። ወይንም ቅጠለ ሰፊ ስለሆነ፣ ነፋስ ያመጣበት ጥቂት ጠብታ እንኳ ቅጠሉን ያጨማድደዋል፤ አበባውንም ያረግፈዋል። እንግዲህ ወይን ያለው ሰው ከመርጨት ወራት አስቀድሞ ከጎረቤቱ ጋር ይምከር፤ ጎረቤቱም ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት ከመርጨት ይታቀብ። ትጋት የራስን አጥር ውስጥ ያጠራል፤ ከአጥር ማዶ የሚመጣውን የሚከለክለው ግን የጎረቤት መተሳሰብ ነው።