በላቪንግተን ዛፎች ላይ ስለሚኖሩት ትናንሽ በቀቀኖች

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የላቪንግተን ሰፈር ቀድሞ የፈረንሣይ ሚስዮናውያን ቡና ይተክሉበት የነበረ ለም ምድር ስለ ሆነ፣ ዛሬም ጥላ ያለው ዛፍ አልጠፋበትም። እንዲህ ባሉት የናይሮቢ የአትክልት ስፍራዎች በማለዳ ስትንጫጫ የምትሰማው፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ፊቷ ብርቱካን መሰል፣ ርዝመቷም 15 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አረንጓዴ ወፍ ከበቀቀን ወገን ናት። ትውልድ አገሯ ግን ሰሜን ታንዛንያ ነው። ስሟንም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. ያገኘችው ፊሸር ከተባለው የጀርመን አገር ተጓዥ ነው። ከሽቦ ቤት ያመለጡትና የተለቀቁት በናይሮቢና በናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ ተራብተዋል፤ በናይቫሻም አንገተ ቢጫ ከሆነው ዘመዳቸው ጋር ተዳቅለው ዘራቸው ተደባልቋል።

እንግሊዞች የፍቅር ወፍ ይሏታል። ፈረንሣዮች፣ ጀርመኖችና ኢጣልያኖች ግን «የማይለያዩት» ብለው ሰይመዋታል፤ በትርጕም ሥራ ለኖረ ሰው ይህኛው ስም ከጠባይዋ ጋር ይበልጥ የተስማማ ሆኖ ይታየዋል። ጓደኛዋ የሞተባት ወፍ ወዲያው በሐዘን ትሞታለች የሚባለው ተረት ቢሆንም፣ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን የተዘጋባት ወፍ የገዛ ላባዋን እየነቀለች ራቍቷን እስከ መቅረት ትደርሳለች። ስለዚህ ከማለዳ እስከ ማታ በቢሮ የሚውል ሰው አንዲቱን ብቻ ገዝቶ ማኖሩ፣ እንደኔ አስተያየት፣ ጭካኔ ነው። ጥንድ ይያዝ፤ አለዚያም ይተው። ዕድሜዋም ከ10 ዓመት ስለሚያልፍ ነገሩ የአንድ ሰሞን ጨዋታ አይደለም።

የሽቦ ቤቱ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ይታሰብበት፤ ወፍ ክንፏን ዘርግታ የምትበረው ወደ ጐን ነውና። ምግቧ ጥራጥሬ ብቻ ሳይሆን ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬም ይጨመርበት። ነገር ግን በናይሮቢ ጓሮ ሁሉ የሚገኘው አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው። በቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣውም ጢስ፣ ሰውየው ምንም ሳይሰማው፣ ወፊቱን በጥቂት ደቂቃ ይገድላታል።

ከዱር እያጠመዱ መሸጥ ያደረሰው ጕዳት ቀላል አልነበረም። በ1980ዎቹ ዓመታት ይህች ወፍ ከታንዛንያ በብዛት ከተጫኑት የዱር አእዋፍ አንዷ ነበረች፤ የአውሮፓ ኅብረት የዱር ወፍ እንዳይገባ ለዘለቄታው የከለከለው ዘግይቶ፣ በ2007 ነው። በኬንያም በ2013 የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ገዢው ወፊቱ ከሰው እጅ የተፈለፈለች መሆኗን አስቀድሞ ይጠይቅ።

አንባቢያችን ሆይ፣ ይህ ወገን በእኛም ደጋ አለ። ከምጽዋ ወደ ደጋ የሚወጣው መንገደኛ ያልፍበት በነበረው በታራንታ ተራራ ስም የተጠራችው፣ ክንፈ ጥቍሯ ትንሽ በቀቀን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዱር አትገኝም። በ1814 ለሳይንስ ዓለም አስታወቋት። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቲቱ ሁለንተናዋ አረንጓዴ ነው። የጥድና የሾላ ፍሬ ለቅመው ሲመሽ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ በአንድነት ያድራሉ።