ለጨዋታ ሠዓሊ የመጀመሪያ ሥራ

ቁመቱ ከ3,000 ሜትር ከሚያልፈው ከእንጦጦ ጋራ፥ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ወደ የካ የምትወርድ እናት አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ወገቧ ጎንበስ፥ ጉልበቷ ሰበር ብሎ፥ እግሯ ጠጠሩን እየመረጠ ይረግጣል። ይህን እያየ ያደገ ወጣት ግን፥ ለኮምፒዩተር ጨዋታ ገጸ ባሕርይ እቀርጻለሁ ብሎ ሥራ ሲጠይቅ፥ የሚያቀርበው መድበል ከውጭ አገር ጨዋታ በተቀዱ ሰይፈኞች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ቀጣሪው የሚፈልገው ቅጂውን ሳይሆን የወጣቱን ዓይን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሃያ ጅምር ሦስት ያለቀለት ይበልጣል፤ መድበል በደካማ ሥራው ይመዘናልና ደካማው ይውጣ። እያንዳንዱ ምስል ከፊት፥ ከጎንና ከኋላ ይታይ። ከቀለሙ ሥር ያለው የመስመር መረብም አይደበቅ፤ በክርንና በጉልበት ዙሪያ መስመሩ በሚገባ ካልተዘረጋ ገጸ ባሕርዩ ሲታጠፍ ይጨማደዳል። «ሁሉን እችላለሁ» የሚል ማመልከቻ ብቻውን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። መሣሪያው ተወደደብኝ ማለትም አያዋጣም፤ ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል።

መድበሉ የድርጅቱንም ጠባይ ይከተል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» በተባለው የስልክ ጨዋታው ያሳየን ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። እንዲህ ላለው ሥራ የሚያስቅ ፊት እንጂ የቆዳው ቀዳዳ እስኪታይ የተለፋበት ወታደር አይጠቅምም።

ወጣት ሆይ፥ ደብተርህን ይዘህ እንጦጦ ውጣ። ሸክም ወገብን እንዴት እንደሚያጎብጥ ከዚያ መንገድ የተሻለ አስተማሪ የለም።