የጦርነት ወሬና የሕዝብ ጆሮ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



ሁለት ጎረቤታሞች አገሮች በተዋጉ ጊዜ ጦርነቱ ጠመንጃ በያዙት ሰዎች መካከል ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ከጦር ሜዳው እጅግ ርቆ የሚኖረው ሰው እንኳ፣ ነጋዴው በሱቁ፣ ጸሐፊው በመሥሪያ ቤቱ፣ ካህኑ በደጀ ሰላሙ ሆኖ ስለ ጦርነቱ አንድ ዓይነት ሐሳብ ይይዛል፤ የሚዋጉትም መንግሥታት ይህን ሐሳብ ወደየራሳቸው ለመሳብ ብዙ ይደክማሉ። ይህን ድካም የውጭ አገር ሰዎች ፕሮፓጋንዳ ይሉታል። ቃሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1622 ዓመት ሃይማኖትን ለማስፋፋት በሮማ ከተቋቋመ አንድ ጉባኤ ስም የመጣ ነው፤ ኋላ ግን፣ በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ ትርጓሜው ተበላሽቶ ሐሰትን አስጊጦ ማቅረብ ማለት እስኪመስል ደረሰ።

ሩስያ ዩክሬንን በወረረች በሁለት ወር ውስጥ፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ከሩስያ ኤምባሲ በር ላይ ብዙ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ተሰልፈው ታይተዋል። ሩስያ ተዋጊ ትቀጥራለች የሚል ወሬ ሰምተው ነበር። ኤምባሲው ግን ወታደር እንደማይቀጥር አስታወቀ። ጦርነቱ የሌላ፣ አገሩም የሌላ ሳለ ወሬው እዚሁ እኛ ሰፈር ድረስ መጥቶ ሰው አሰለፈ።

ይሁን እንጂ የወሬ ጦርነት እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት እስከዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በጎጃም የሆነውን መመልከት ይበቃል። በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካና በእንግሊዝ ሥር የነበረው ሱዳን ጎረቤታሞች ሆነው ይዋጉ ነበር፤ በሁለቱ መካከልም ለነፃነቱ ሲታገል የቆየው የጎጃም ሕዝብ ነበረ። ሁለቱም ወገኖች የዚህን ሕዝብ ልብ ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ነበር።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። መንገድ ዳር የሚኖር ሰው መቼም ወሬ አይቸግረውም። በዚያ አገር የቆየው ልማድ እንደሚታወቀው፣ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ እግሩን ይታጠባል፤ ቀጥሎ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ «ወዲያ ምን ወሬ አለ?» ተብሎ ይጠየቃል። የወሬው ክብደትም በተናጋሪው ማንነት ይመዘናል። የማን ልጅ ነው? አየሁ ይላል ወይስ ሰማሁ ይላል? ዛሬ የወሬን ምንጭ ስለ መመርመር በትልልቅ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም።

መንግሥትም በፊናው ከሕዝብ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነበረው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ነጋሪት ተጎስሞ በገበያ ይታወጃል። ከታች ወደ ላይ ለሚወጣው ግን ነጋሪት የለውም፤ ስለዚህ የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ከብቱን እየጠበቀ የሚያንጎራጉረው ግጥም ባለቤቱ አይታወቅምና ሰው ሁሉ በአደባባይ የማይደፍረውን ነገር በእረኛ አፍ ይናገረው ነበር። አዝማሪም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የሕዝብን አስተያየት ለማወቅ መጠይቅ አዘጋጅቶ አንድ ሺሕና ሁለት ሺሕ ሰው መጠየቅ የተለመደ ሆኗል። የአባቶቻችን ዘዴ ቁጥር ባይኖረውም፣ ሰሚው ልቡና ካለው ብዙ አያሳስትም ነበር።

ፋሽስቶች አገራችንን በያዙ ጊዜ ይህን ሁሉ በመሣሪያ ብዛት የሚያሸንፉት መሰላቸው። «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል ጋዜጣ በአማርኛ ያሳትሙ ነበር። ከአውሮፕላንም ወረቀት ይበትኑ ነበር። ነገር ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ፣ ገና ወር ሳይሞላ፣ ግራዚያኒ አንድ ሌላ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙም ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ የሚል ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የኢጣልያ አገዛዝ በቅርብ ቀን ያልፋል እያሉ ለሕዝቡ ይናገራሉ ተብሎ ነው። እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። ጋዜጣና ራዲዮ፣ ታንክና አውሮፕላን፣ የመርዝ ጋዝም ጭምር በእጁ የነበረ መንግሥት ማሲንቆ ፈራ። ግራዚያኒ ጨካኝ ነበር እንጂ በዚህ ነገር አልተሳሳተም፤ የሕዝቡ ሐሳብ የሚኖረው በጋዜጣው ውስጥ ሳይሆን በአዝማሪው አፍ መሆኑን ተረድቶ ነበር። ያልተረዳው ነገር አዝማሪው ቢሞት ሐሳቡ የማይሞት መሆኑን ነው።

በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። ከዚህ በኋላ ጋዜጣው ስለ ሰላምና ስለ ሥልጣኔ ቢጽፍ የሚያምነው ማን ነው? በጎጃምም ሕዝቡን መሣሪያ ለማስፈታት የተደረገው ግፍ በ1930 ዓ.ም. አገሩን ለዐመፅ አነሣሣው። የኢጣልያን ፕሮፓጋንዳ አስቀድሞ ያሸነፈው የሌላ ወገን ፕሮፓጋንዳ ሳይሆን የገዛ ሹማምንቱ ሥራ ነበር ቢባል ስሕተት አይመስለኝም።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው ካርቱም ገቡ። ወዲያውም የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ በአማርኛ እየታተመ ከእንግሊዝ አውሮፕላኖች ይጣል ጀመር። ይህን ሥራ የሚመራው ጆርጅ ስቲር የሚባል ሰው ነበር። ስቲር በ1928 ዓ.ም. የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ ነበረና አገራችንን ያውቃል። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ደግሞ በእስፓንያ የምትገኘው ጌርኒካ በጀርመን አውሮፕላኖች መደብደቧን ለዓለም ካስታወቁት ጋዜጠኞች አንዱ እርሱ ነው። የፍራንኮ ወገኖች ከተማይቱን ያቃጠሏት የራሷ ሰዎች ናቸው ብለው ሲያስወሩ ሰምቶ ስለ ነበረ፣ ሐሰት እንዴት እንደሚሠራ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም። «ባንዲራችን» የሚባለውንም ጋዜጣ በአማርኛ እያሳተመ ያሠራጭ ነበር።

በነዚህ ወረቀቶች ላይ ከጽሕፈቱ ይልቅ ዋጋ የነበረው ማኅተሙ ነው። የይሁዳን አንበሳ ማኅተም ፊደል ያልቈጠረው ባላገር እንኳ ያውቀዋል፤ ቀሪውን ካህኑ ወይም ደብተራው ያነብለታል። ሆኖም ጥርጣሬ ነበረ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አራት ዓመት በስደት የቆዩት ንጉሥ በእውነት በሕይወት አሉ ወይ? ካሉስ በራሳቸው ፈቃድ ይመጣሉ ወይስ እንግሊዝ እየመራ ያመጣቸዋል? ኢጣልያን አስወጥቶ እንግሊዝን ማስገባት ምን ይረባል? ኢጣልያኖችም ይህን ጥርጣሬ ያራግቡት ነበር። ጥያቄውም ቢሆን ከንቱ ጥያቄ አልነበረም፤ ከድል በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተደረጉትን ውሎች ያነበበ ሰው የጎጃም ገበሬ አርቆ ማሰቡን ይመሰክራል።

ጥርጣሬውን ያበረደው ወረቀት አልነበረም። በነሐሴ ወር 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ። ሳንድፎርድ ከወረራው በፊት ብዙ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ነው። ከንጉሠ ነገሥቱም ዘንድ አዛዥ ከበደ ተሰማ ተልከው መጡ። ከዚያም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በመካከላቸው የነበረውን ቅሬታ ትተው በጠላት ላይ ለመተባበር ተስማሙ። በመጨረሻም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በኡም ኢድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ። ከዚህ በኋላ «ሰማሁ» የሚለው ቀርቶ «አየሁ» የሚል ሰው ተገኘ።

ኢጣልያኖችም የሰውን ልብ ሰው እንጂ ወረቀት እንደማይመልሰው ገባቸውና ራስ ኃይሉን ወደ ደብረ ማርቆስ አመጡ። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሲሆኑ ጎጃምን ለረጅም ዘመን ገዝተው በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱ ናቸው። የእሳቸው መምጣት ከሺሕ በራሪ ወረቀት ይበልጥ ነበር። እውነትም አንዳንዱ አርበኛ ክንዱን አላላ፤ አባቱ ያደረበትን ቤት ለመውጋት የሚያመነታ ሰው ብዙ ነውና። ነገር ግን ሥራው ከዚያ አላለፈም። ሕዝቡ በራስ ኃይሉ ላይ ለመተኮስ አመነታ እንጂ ለኢጣልያ ብሎ ለመተኮስ አልተነሣም፤ ጠላት የፈለገው ግን ይህን ሁለተኛውን ነበር። ኢጣልያኖች ደብረ ማርቆስን ለቀው ሲሄዱ ከተማው በራስ ኃይሉ እጅ ቀረ፤ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡም ራስ ኃይሉ ቀርበው ተገዙ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ዓይነት ወሬ፣ ማለት ወደ ፍጹም ሐሰቱ እንምጣ። ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ የገባው የዊንጌት ጦር ከሁለት ሺሕ ብዙ የማይበልጥ መደበኛ ወታደር ነበረው፤ በቡሬና በደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ የነበረው የጠላት ጦር ግን በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። ስለዚህ ዊንጌት ቁጥሩን በወሬ አበዛው። ሌሊት ሌሊት ምሽጎቹን በየአቅጣጫው ያስተኩስባቸዋል፤ በድምፅ ማጉያም የጠላትን አገር ተወላጅ ወታደሮች ወደ ሰንደቅ ዓላማቸው እንዲመለሱ ያስጠራቸዋል። የኢጣልያ አዛዥ ትልቅ ጦር የመጣበት መስሎት በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀቀ፤ ደንበጫንም ለቀቀ፤ በአማኑኤል መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ደብረ ማርቆስ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ኢጣልያንኛ የሚያውቅ ኤድመንድ ስቲቨንስ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሳይቈረጥ በቀረው የስልክ ሽቦ ከጠላት ጋር ተነጋግሮ ብዙ ሺሕ ጦር እየመጣ ነው በማለት እንዳስበረገገው የዘመቻው ታሪክ ይተርካል። በግንቦት ወርም ዊንጌት ከዐባይ ማዶ አጊባር ላይ ለኮሎኔል ማራቬንታኖ ደብዳቤ ጻፈ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ሊሄዱ ነውና ከአርበኞች ጋር ብቻህን ትቀራለህ አለው። ሰባትና ስምንት ሺሕ የሚገመተው ጦር መሣሪያውን አስረከበ።

በዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የዊንጌትን ብልኃት ያደንቃል። እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ያ ኮሎኔሉን ያሸበረ ወሬ የመንገድ ዳሩን ገበሬ አላታለለውም። ገበሬው ወታደሮቹ ሲያልፉ ቈጥሯቸዋል፤ ከሱዳን የመጡት ግመሎችም በየዳገቱ ሲወድቁ አይቷል። የጦሩን ትንሽነት ከአማኑኤል ባላገር መጠየቅ ይቻል ነበር። ኮሎኔሉ ግን የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ ቢጠይቅም እውነቱን የሚነግረው የለም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ወዳጅ አላፈራምና። ሐሰት የሠራው ከሕዝብ ተለይቶ በግንብ ውስጥ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ በአገራችን ያለፉት ጦርነቶች ብዙ ናቸው፤ ስለ ሁሉም ለመናገር ጊዜ አይበቃም። ነገር ግን የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በትክክል የጎረቤታሞች ጦርነት ስለ ነበረ አለማንሣት አይቻልም። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት ሲጀመር አንዱ ሕዝብ የሌላውን ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ ተጋብቷል፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጐን ለጐን ሠርቷል። ስለዚህ የአዲስ አበባውም የአስመራውም ራዲዮ የሚናገረው ስለማይታወቅ እንግዳ አልነበረም። በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ከኖሩበት አገር ወጡ። ከመሥሪያ ቤታችሁ ወንበሩ ባዶ የቀረ ባልደረባ የነበራችሁ አድማጮች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በጦር ሜዳ የሞቱት በብዙ አሥር ሺሕ የሚገመቱ ሲሆኑ በዚያ ወራት የሁለቱም ወገን መግለጫ የሚናገረው ስለ ጠላት ሙታን እንጂ ስለ ራስ ሙታን አልነበረም።

ሰላም በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ከተፈረመ በኋላ የድንበሩ ነገር ለአንድ ኮሚሽን ተሰጠ። ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. በሄግ ፍርዱን ሰጠ። በዚያው ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈረደች ብሎ አስታወቀ፤ ሰውም ደስ ብሎት ወደ አደባባይ ወጣ። የአስመራ መንግሥትም በበኩሉ አሸነፍሁ አለ። ፍርዱ የተጻፈው በነጥብና በመስመር ሲሆን ባድመ በካርታው ላይ በስም አልተጠቀሰችም ነበርና፣ መግለጫውን የሰማ ሰው ራሱ አይቶ የሚመሰክርበት መንገድ አልነበረውም። መስመሩ በመሬት ላይ ሲለካ ግን ባድመ በኤርትራ በኩል መዋሏ ታወቀ። እልል ያለው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ዝም አለ፤ ልጁን በባድመ የቀበረው ደግሞ ምን እንደሚል ጠፋው። ፍርዱን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን የኢትዮጵያ መንግሥት ያስታወቀው ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።