ጎርፉና መልእክቱ፦ ማን ይቀድማል?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አገራችን በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት ከባድ የጎርፍ አደጋዎች ደረሱባት። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ በደጋው የዘነበው ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን በእንቅልፍ ላይ ደረሰባት፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሳምንት በኋላ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆው ከ360 በላይ ሰዎችን ገደለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ በጣና ዙሪያ የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደምቢያ ሜዳዎች በውኃ ተዋጡ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ተፈናቀሉ። መንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች በጋራ አስቸኳይ የእርዳታ ጥሪ አቀረቡ።

ስለ እርዳታ ቅንጅት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የእህልና የብርድ ልብስ መጠን ነው። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚሻ የፊዚክስ ጥያቄ አለ፦ ከጎርፉና ከመልእክቱ የትኛው ቀድሞ ይደርሳል? መልሱን ለመፈለግ ከአዊ ደጋ እንነሣ።

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው ደጋ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በክልቲ ወንዝ በኩል ግልገል ዓባይን ይቀላቀላል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በወንዝ ወደ ጣና ከሚገባው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያስገባሉ።

ወንዝ ሲሞላ ወደ ታች የሚጓዘው ውኃው ብቻ አይደለም፤ የሙላቱ ሞገድም ይጓዛል። በሰፊ የወንዝ አልጋ ውስጥ የሞገዱ ፍጥነት የውኃውን ፍጥነት 5/3 እጥፍ ያህላል። ውኃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ ሞገዱ 3.3 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ በወንዙ 72 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ መንደር የሚኖረው ጊዜ 6 ሰዓት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መልእክቱን እንከተል። በደጋው ያለው ቀበሌ ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ ያስታውቃል። ክልሉ ለታችኛው ዞን፣ ዞኑ ለወረዳው፣ ወረዳው ለቀበሌው ያስተላልፋል። ይህ ስድስት እርከን ነው። እያንዳንዱ እርከን 1 ሰዓት ብቻ ቢፈጅ መልእክቱና ጎርፉ እኩል ይደርሳሉ። ማንም አልሰነፈም፤ ሁሉም ሥራውን በደንቡ ሠርቷል፤ መንደሩ ግን አልዳነም።

የሐይቁ ሰዓት ከዚህ የተለየ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። 1660 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው የግልገል ዓባይ የላይኛው ተፋሰስ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ግማሹ ሐይቁ ዘንድ ቢደርስ፣ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ጣናን ከፍ የሚያደርገው በ1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሐይቁ የሚሞላው በሳምንታት ነው ማለት ነው። ከሞላ በኋላ ግን የወንዞቹን አፍ ስለሚገታ ውኃቸው ወደ ሜዳው ይተኛል።

ከዚህ በመነሣት ቅንጅት በሰዓት መከፋፈል እንዳለበት እንረዳለን። የሐይቁ ከፍታ ለፌዴራሉ መንግሥትና ለእርዳታ ድርጅቶች ድንኳን፣ መድኃኒትና የውኃ ማከሚያ አስቀድመው እንዲያከማቹ ጊዜ ይሰጣል። የወንዙ ሙላት የሚፈቅደው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ እርሱም በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ዝናቡን ከሚለካው ባለሙያ በቀጥታ ወደ ታችኛው ወረዳ መደወል አለበት። ስንት ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እንደሚደወል በበጋ ስምምነት ይደረስበት፤ የበላይ አካላትም በዚያው ቅጽበት ይወቁት እንጂ ፈቃዳቸው አይጠበቅ። እንደ ደቻቱ ያለ ድንገተኛ ወንዝ ግን ለስልክም ፋታ ላይሰጥ ስለሚችል፣ መፍትሔው ከወንዙ አልጋ ርቆ መስፈርና የማምለጫ መንገድን አስቀድሞ መለማመድ ነው።

የአገራችን የአደጋ መከላከል መዋቅር ሥር የሰደደው በድርቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው የወሎን ረኃብ ተከትሎ ነበር። ድርቅ ወራት ይሰጣል፤ ደብዳቤም ይደርስበታል። ጎርፍ ግን ደብዳቤን አይጠብቅም።

አንባቢም በአካባቢው ወንዝ ይሞክረው። በበጋ የወንዙን ርዝመት ከካርታ ይለካ፤ የሙላቱን ሰዓት ያስላ፤ ከዚያም መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ጠረጴዛዎች ይቁጠር። ሁለቱን ቁጥሮች ሲያነጻጽር ወረዳው ለክረምቱ ዝግጁ መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃል።