የሰብዓዊ መብት ድርጅት ሠራተኛ ምን ይሠራል? ምንስ አይችልም?

"በሕግ አምላክ!" የሚለው ቃል በቀደመው ዘመን መንገደኛን ያስቆም፣ የተጣሉትን ከዳኛ ፊት ያደርስ ነበር። ጉልበት የሌለው ተበዳይ ቢያንስ ይህ ቃል ነበረው። ዛሬ አቤት የሚባልባቸው በሮች በርክተዋል፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና እንባ ጠባቂ ተቋም አሉ። ከእነዚህ ውጭ ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ፣ ለትርፍም ያልተቋቋሙ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ በእነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ምን እንደሚያከናውኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ማድረግ እንደማይችሉ በውል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከተያዘ ሦስት ቀን እንዳለፈውና ፍርድ ቤት እንዳልቀረበ ለመናገር ወደ ቢሮው መጡ እንበል። የሠራተኛው የመጀመሪያ ሥራ ማዳመጥ ነው። ቀጥሎ ይጠይቃል። ልጅዎ የተያዘው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው? የያዙት ሰዎች ምን ለብሰው ነበር? እርስዎ በዓይንዎ ያዩት የትኛው ነው? ከጎረቤት የሰሙትስ? እናቲቱ ያላመኗቸው ሊመስላቸው ይችላል። ነገር ግን የታየውና የተሰማው ተለይቶ ካልተጻፈ፣ አንዲት የተሳሳተች ቀን ወይም ስም እውነተኛውን አቤቱታ ሁሉ ታስጥላለች። ስለዚህም ጥያቄው የሚበዛው ለተበዳዩ ጥቅም ሲባል ነው።

ከዚያ በኋላ ማጣራት ይከተላል። ሠራተኛው ሌሎች ምስክሮችን ያነጋግራል፤ የሕክምና ማስረጃ ካለ ይመለከታል፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄዶ ወይም ደብዳቤ ጽፎ የኃላፊውን ምላሽ ይጠይቃል። የተከሰሰውን ወገን ሳይሰሙ መዘገብ በዚህ ሙያ ነውር ነው። የሚመዝነውም በሕግ ሚዛን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው አግባብ ያለው ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት አለው። እናቲቱ ያነሱት ጉዳይ በእነዚህ አንቀጾች ይለካል።

የማይችለውም ሊታወቅ ይገባል። የድርጅቱ ሠራተኛ እስረኛ የማስፈታት፣ የመፍረድም ሆነ ጥፋተኛን የመቅጣት ሥልጣን የለውም። ማድረግ የሚችለው ለባለሥልጣናት መጻፍ፣ የሕግ ምክር መስጠት፣ ጠበቃ ማገናኘትና የተጣራውን ነገር በመግለጫ ማውጣት ነው። በሕግ ተቋቁሞ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይለያል፤ ኮሚሽኑ የሀገሪቱ የሕዝብ ተቋም ሲሆን እነዚህ ድርጅቶች ግን ዜጎች ተሰባስበው ያቋቋሟቸው ናቸው።

ከእነዚህ ቀደምት የሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) በ1984 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩ የጂኦግራፊ ምሁሩ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ሥራ ምን ሊያፈራ እንደሚችል አንድ የታወቀ ጉዳይ ያሳያል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላት። ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም ለዕይታ የበቃው "ድፍረት" የተሰኘው ፊልም መነሻው ይህ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። በ1997 ዓ.ም ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ቀዳዳ ዘጋ፤ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አድርጎ፣ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ለዚህ ለውጥ የሴት ሕግ ባለሙያዎችና ሌሎች የመብት ተሟጋቾች ለዓመታት ወትውተዋል።

ሥራው ግን ለሠራተኛው ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ሰቆቃ ሲያዳምጥ የዋለ ሰው ማታ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ሲቀርብ የሰማው ይከተለዋል። የሰማውን ለትዳር ጓደኛውም ቢሆን መናገር አይችልም፤ የባለጉዳይ ምስጢር ነውና። ግጭት ባለበት አካባቢ ደግሞ አንዱ ወገን የሌላው ደጋፊ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ቀን የሚወቅሱት ጊዜም አለ። መተዳደሪያውም የጸና አይደለም። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይሰማሩ በመከልከሉ፣ ኢሰመጉን የመሳሰሉ ድርጅቶች ቅርንጫፎቻቸውን ለመዝጋትና ሠራተኞቻቸውን ለመቀነስ ተገደው ነበር። ገደቡ የተነሣው በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ኃላፊነት የምስክሩ ደኅንነት ነው። ሠራተኛው ጽፎ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ የመሰከረው አርሶ አደር ግን እዚያው ቀበሌ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ጥሩ ሠራተኛ ቃሉ ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ያስረዳል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ስም መግለጽ አደጋ ካለው ያስቀራል። ጉዳዩ ቢወጣ ምስክሩን የሚጎዳ መስሎ ከታየው መግለጫውን እስከ ማዘግየት ይደርሳል።

ባለጉዳዩም የሚያደርገው አለ። የሆነውን ነገር ሳይረሳ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ያዩትን ሰዎች ስም በወረቀት ማስፈር ይገባዋል። የሕክምና ወረቀት፣ የመጥሪያና የውሳኔ ሰነዶችን መጠበቅ፣ ለማንም ቢሆን ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን መስጠት ያስፈልጋል። ቃሉን ለመቀበል የመጣን ሰው መታወቂያ መጠየቅም ነውር የለውም። ያላየውን አየሁ ከማለትም መቆጠብ አለበት። ወደ ድርጅት መሄድ የፍርድ ቤትን ቀጠሮም ሆነ የይግባኝን ጊዜ አያስቆምምና እነዚያን በጊዜያቸው ማድረስ ግዴታ ነው።

ልጃቸውን ፍለጋ የመጡት እናት ከቢሮው ሲወጡ የማስፈቻ ትእዛዝ ይዘው አይወጡም። የደረሰባቸው ነገር ግን ከነቀኑና ከነምስክሩ በጽሑፍ ሰፍሯል። ጉዳዩ ነገ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ወይም ከዓመታት በኋላ ቢጠየቅ "እንዲህ የሚባል ነገር አልነበረም" ለሚል ሰው መልስ የሚሆነው ያ ጽሑፍ ነው።