ማሰሪያውን ማጥበቅ ለምን አይሠራም? ትንሽ ፊት፣ የሚከፈት አፍ እና የሲፓፕ ማስክ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሰንዳፋ፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ዓይኖቿ በርበሬ መስለዋል። በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል፣ አፍንጫዋ ላይ፣ የተላጠ ቀይ መስመር አለ። ምን ሆነሽ ነው ስላት በእጇ ወደ መኝታ ቤቱ አመለከተች። «ያ ማሽን ነዋ! አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ወይ አስተካክልልኝ፣ ወይ ወስደህ ጣልልኝ።»

«ያ ማሽን» ሲፓፕ ነው። አክስቴ ለዓመታት ታንኮራፋ ነበር። ቀን ቀን ሱቋ ውስጥ ሒሳብ እየቆጠረች እንቅልፍ ይጥላት ጀመር። አዲስ አበባ ሄዳ ስትመረመር የእንቅልፍ አፕኒያ እንዳለባት ተነገራት። ማሽኑን ልጇ ከአሜሪካ ላከችላት፣ ሐኪሙም ግፊቱን አስተካከለላት። ማስኩ ግን ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። ማንም ፊቷን አልለካም። አክስቴ ደግሞ ፊቷ ትንሽ ነው፣ ስትተኛም በአፏ ነው የምትተነፍሰው።

በዚያ ቅዳሜ የተማርኩት ነገር ለአክስቴ ብቻ የሚጠቅም ስላልመሰለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ሲፓፕ ምንድን ነው?

እንቅልፍ ሲወስደን ጡንቻዎቻችን ይላላሉ፣ የጉሮሮ ጡንቻዎችም እንዲሁ። አንዳንድ ሰዎች ላይ የላላው ጉሮሮ ተጣብቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቋረጣል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ደንግጦ ሰውየውን በከፊል ይቀሰቅሰዋል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ሰውየው ጠዋት ምንም አያስታውስም፤ ቀኑን ሙሉ ግን ያንቀላፋል። ሕክምና ካላገኘ ከደም ግፊት ጋር ይያያዛል፣ መሪ ላይ ለማንቀላፋትም ያጋልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀላል የሚመስል መፍትሔ በላንሴት መጽሔት ላይ አሳተሙ፦ በአፍንጫ በኩል ያለማቋረጥ አየር እየነፋን ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፈን ክፍት ብንይዘውስ? የሞከሩት በ5 ሕመምተኞች ላይ ነበር፣ ሠራም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስኮቹ በእያንዳንዱ ሰው አፍንጫ ልክ በጂፕሰም ቅርጽ እየተወሰደ ይሠሩ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ በማጣበቂያ ፊት ላይ ይለጠፉ ነበር። እንግዲህ መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማስክ ነበረው ማለት ነው። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» የሚባለው የመጣው በፋብሪካ በብዛት መመረት ሲጀምር ነው።

10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ስንት ይመዝናል?

የሲፓፕ ግፊት የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ4 እስከ 20 ድረስ ይሰጣሉ። የአክስቴ 10 ነው። ትርጉሙ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ ባለው ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብናቆም ክብደቱ 10 ግራም ነው። አፍንጫና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍን ትልቅ ማስክ 70 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 70 በ10 ሲባዛ 700 ግራም ነው። ማለትም አየሩ ማስኩን ከፊት ላይ ገፍቶ ሊያስነሳው የሚሞክረው የ700 ግራም ዕቃ በሚጎትትበት ኃይል ነው። አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ማስክ ቢሆን ግን 200 ግራም ብቻ ነው።

ስለዚህ ማስኩ በሰፋ ቁጥር ማሰሪያው የሚሸከመው ኃይል ይጨምራል። በአፍ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሰፊው ነው። ፊቱ ትንሽ ከሆነ ችግሩ ድርብ ነው፦ የማስኩ ጠርዝ አጥንት ላይ ማረፍ ሲገባው፣ ከላይ ወደ ዓይን ጥግ ይወጣል፣ ከታች አገጩን አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

«ታዲያ ማጥበቅ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አክስቴም ያደረገችው እሱን ነው። ነገር ግን የማስኩ ጠርዝ ስስ ሲሊኮን ነው። የተሠራው በአየሩ ግፊት ራሱ ተነፍቶ ፊት ላይ እንዲለጠፍ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ሲሊኮኑ ይጨማደዳል፣ በእጥፋቶቹ መካከል አየር ያመልጣል። ውጤቱ የአፍንጫ ቁስልና የባሰ ፍሳሽ ነው።

ከግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ስንት አየር ይወጣል?

ማስኩ በአፍንጫዋ አንድ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክፍተት ተወ እንበል። 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ብዙም አይታይም። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ በተመሳሳይ ግፊት ፈጥኖ ያመልጣል። ሒሳቡን ስሠራው ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 47 ሜትር ይደርሳል፤ በሰዓት ወደ 170 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው! በዚያች ቀጭን ክፍተት በደቂቃ 17 ሊትር ያህል አየር ይወጣል፣ ያውም በቀጥታ ወደ ዓይን። አክስቴ ዓይኗ የቀላው ሌሊቱን ሙሉ አውሎ ነፋስ ሲመታት ስላደረ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ ገጠመኝ። የማሽኑን ስክሪን ከፍቼ ሳይ የፍሳሹ ቁጥር በደቂቃ 13 ሊትር ይላል። ብዙ ጊዜ እንደ ወሰን የሚጠቀሰው 24 ሊትር ስለሆነ ቁጥሩ «ደህና» ነው። ታዲያ የቀላው ዓይን ከየት መጣ?

ፕላስተሩ

ማስኩን ገልብጬ ሳየው ደነገጥኩ። ከፊት ለፊቱ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሕክምና ፕላስተር ተሸፍነዋል። «እሱማ ሲያፏጭ ጋሼን እንቅልፍ ነሳቸው። የተበሳ መስሎኝ ደፈንኩት» አለችኝ።

እነዚያ ቀዳዳዎች ብልሽት አይደሉም፤ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። ማሽኑ አየር የሚልከው በአንድ ቱቦ ብቻ ነው፣ የተቃጠለው አየር የሚመለስበት ሌላ ቱቦ የለም። የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው። በ10 ግፊት ከ30 እስከ 40 ሊትር በደቂቃ ያስወጣሉ። ቢደፈኑ ሰውየው ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ይህ አደገኛ ነው።

ቁጥሩ የዋሸውም ለዚህ ነው። ማሽኑ የሚለካው በቱቦው የሚሄደውን ጠቅላላ አየር ነው። ከዚያ ላይ «በቀዳዳዎቹ ይወጣል» ብሎ የሚገምተውን 35 ሊትር ገደማ ይቀንሳል፣ የተረፈውን ፍሳሽ ይለዋል። የአክስቴ ቀዳዳዎች ግን ተደፍነዋል፣ ማሽኑ ደግሞ ይህን አያውቅም። ፕላስተሩን አንስተን ማሽኑን ስናስነሳው ቁጥሩ ወደ 40 ዘለለ። እውነተኛው ፍሳሽ ይሄ ነበር፦ በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ከላይ የገለጽኩት ዓይነት ክፍተት ሁለት ቦታ።

አሁን ይህን አስቡ። ለእነዚያ ሳምንታት የተቃጠለውን አየር ጠራርጎ ያወጣላት የነበረው ስታማርረው የነበረው ፍሳሽ ራሱ ነው። እኔ ፕላስተሩን ሳላይ ማስኩን ብቻ በደንብ እንዲገጥም ባደርገው ኖሮ ብቸኛ መውጫዋን ዘግቼባት ነበር። ስለዚህ ሁለት ፍሳሽ እንዳለ አትርሱ፦ በቀዳዳዎቹ የሚወጣው አስፈላጊ ነው፣ አይነካም። በጠርዝ የሚወጣው ነው መስተካከል ያለበት።

«መካከለኛ» የማን ፊት ነው?

ከሲፓፕ ወጣ ብለን ከጎረቤቱ፣ ከሥራ ቦታ የመተንፈሻ ማስክ፣ አንድ ታሪክ እንይ። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ማስኮች ለረጅም ጊዜ የሚፈተኑት እ.ኤ.አ. በ1967 እና በ1968 ከአየር ኃይል አባላት በተወሰደ የፊት ልኬት መሠረት ነበር። በ2003 የ3,997 ሰዎች ፊት እንደገና ሲለካ፣ አሮጌው ሠንጠረዥ ከ15 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ሠራተኞች እንደማያካትት ታወቀ። ሰዎቹ ፊታቸው ላይ ምንም ጉድለት የለም፤ ጉድለቱ ከሠንጠረዡ ነው። አክስቴም «የኔ ፊት አይረባም» ስትለኝ ይህንኑ ነገርኳት።

አፍስ?

አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን ማስክ አድርጎ አፍን መክፈት በተቀደደ ጀሪካን ውሃ እንደመቅዳት ነው። ቢሆንም «በአፍ የሚተነፍስ ሁሉ ትልቁን ማስክ ይልበስ» ማለት ትክክል አይደለም። ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ አፍ ለምን እንደሚከፈት ይጠየቃል። አለርጂ፣ የአፍንጫ ውስጥ አጥንት መጣመም፣ ወይም ሌላ የሚታከም ነገር ይኖር ይሆናል። የቀዘቀዘና የደረቀ አየርም አፍንጫን ይደፍናል፣ በደጋ አገር ደግሞ ይህ የተለመደ ነው። አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው የማሽኑ የውሃ ክፍል እዚህ ላይ ይረዳል። አንዳንድ ሰዎች ጉሮሯቸው በአየር ሲደገፍ አፋቸው ራሱ ይዘጋል፤ እነሱ በአፍንጫ ማስክ ብቻ ይድናሉ።

ይህ ካልሆነ አፍንም የሚሸፍን ማስክ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል ከአፍንጫ ሥር የሚያርፈው ዓይነት ለትንሽ ፊት ብዙ ጊዜ ይመቻል፦ አፍን ይሸፍናል፣ አፍንጫ ላይ ግን አይወጣም፤ ስለዚህ ወደ ዓይን የሚያፈስበት መንገድ የለውም። አንድ ጥንቃቄ አለ። አፍን የሚሸፍን ማስክ ሲጠብቅ አገጭን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ይህም ጉሮሮውን መልሶ ሊያጠብበው ይችላል። አፍን በፕላስተር ማሸግ ግን ያለ ሐኪም ምክር አይሞከርም።

በማስመሪያ የሚደረግ ልኬት

እኛ የተጠቀምንበት የተማሪ ማስመሪያ ነው። አፍንጫና አፍን ለሚሸፍን ማስክ፣ አፍን ትንሽ ከፍቶ፣ ከሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ ጎድጎድ እስከ ታችኛው ከንፈር ሥር ይለካል። የታችኛው ጠርዝ ማረፍ ያለበት በከንፈርና በአገጭ መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ነው። ከአፍንጫ ሥር ለሚያርፈው ደግሞ የአፍንጫ ስፋት ወሳኝ ነው። ከዚያ ከአምራቹ የመጠን ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ማታ ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሚያወልቅ ሰው አውልቆ ይለካ፤ የፊት ቅርጽ ይለወጣል።

ሙከራውም ቁጭ ብሎ አይደለም። ማሽኑን በሐኪሙ ግፊት አስነስቶ፣ ማሰሪያውን አላልቶ፣ ተኝቶ፣ በጀርባም በጎንም ነው። ስንተኛ ጉንጫችን ይላላል፣ ቁጭ ብሎ የገጠመው ማስክ ሲተኙ ያፈሳል። ማሰሪያው ፍሳሹ እስኪቆም ብቻ ቀስ በቀስ ይጠብቃል።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ደግሞ እዚያው ቤት አየን። አክስቴ ማሰሪያውን በሻሿ ላይ ነበር የምታስረው፤ ሻሽ ይንሸራተታል፣ ማሰሪያውም አብሮ። ከመተኛቷ በፊት ፊቷን ቫዝሊን ትቀባ ነበር፤ ሲሊኮን ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። አሁን ሻሹን ከማሰሪያው በላይ ታስራለች፣ ፊቷን በሳሙና ታጥባ ትተኛለች፣ የማስኩን ጠርዝም በየቀኑ ታጥባለች።

ስለ መብራት መጥፋትም ጠየቀችኝ። አፍንና አፍንጫን የሚሸፍን ደረጃውን የጠበቀ ማስክ ግፊቱ ሲቋረጥ የሚከፈት የደኅንነት ቫልቭ አለው። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማስክ ከሆነ ቫልቩ አለመጣበቁን ማየት ግድ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ደግሞ በማሰሪያው መቆለፊያ ላይ ማግኔት ያለበትን ማስክ መጠቀም የለበትም፤ ማግኔት ስለሌለው ዓይነት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ልኬቱን ለልጇ በስልክ ላክንላት። ከአፍንጫ ሥር የሚያርፍ ትንሽ መጠን ያለው ማስክ መረጠች፣ ሐኪሙም ተስማሙበት። በሚቀጥለው ወር ሰንዳፋ ስሄድ የማሽኑ ቁጥር 9 ይላል፤ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ክፍት ናቸው። «አሁንም ያፏጫል» አለችኝ እየሳቀች፣ «ግን ጋሼን አስረድቻቸዋለሁ። እሱ ድምፅ ሲጠፋ ነው መደንገጥ ያለብዎት አልኳቸው።»